ወደ ኋላ የማይል ተከላካይ

ተከላካይ ወደ ራሱ ግብ አንድ እርምጃ ካፈገፈገ ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጥበታል የሚለው ሕግ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ጎል ይበዛል ተብሎ ነበር፤ የበዛው የአሰልጣኞች ፍልስፍና ነው። የወንድሜ የአቤኔዘር አሰልጣኝ ተከላካዮቹን ቤታቸው ውስጥም የኤሌክትሪክ ቀበቶ ያስታጥቃቸዋል፤ ወደ ኋላ ባሉ ቁጥር ይነዝራቸዋል።

እሁድ ምሳ ላይ የአቤኔዘር ትንሿ ልጅ ከጀርባው ባለው ሶፋ ላይ ቆማ ተንገዳገደች።

«አቢ፣ ልጅቷን ያዛት!» ብዬ ጮህኩ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ይደርስላት ነበር። እሱ ግን ወደ ፊት ተራመደና ኦፍሳይድ እንደሚጠይቅ ሰው እጁን አነሳ። ልጅቷ በግንባሯ ወደቀች።

ሚስቱ ልጇን አንስታ አቀፈቻትና፣ «ዳኛው አፏጨልህ ወይ፣ ጌታዬ?» አለችው።

የአቤኔዘር እጅ ገና አልወረደም።