በዝግታ የሚዘጋ በር

የከሰዓቱ አዛን ሲሰማ የነዕማት የውኃ ተራ አለቀ። ከዓባይ የተጠለፈው ቦይ ግን የሩዝ ማሳዋን ግማሽ እንኳ አላራሰላትም፤ የቀረው መሬት ተሰነጣጥቆ አፉን ከፍቷል። የቦዩ በር ጠባቂ አቡ ዲያብ ከጥላው ሥር እያቃሰተ ተነሣና የብረት ማዞሪያውን ያዘ። በሩ ሲዘጋ ውኃው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ወደ ሸውቂ ማሳ ይዞራል፤ ሸውቂም አህያው ላይ እንደተፈናጠጠ ይጠብቃል።

ሽማግሌው አንድ ዙር አዞረና ወገቡን ያዘ። ደግሞ አንድ አዞረና ተቀመጠ። ከዚያ ማዞሪያውን ቅባት ቀባው፤ ቀጥሎ ቅባቱ በዛ ብሎ ጠረገው።

«አባባ፣ በሩን እያስተኙት ነው? እሹሩሩ ይበሉለት እንጂ!» አለ ሸውቂ።

«እርጅና ነው፣ ልጄ።»

«ይልቀቁት፣ እኔ ላዙረው!»

«ከጠባቂው በቀር ማንም እንዳይነካው ብለው አገሩን ያስማሉት እኮ ያንተው አያት ናቸው። መሐላቸውን ልታፈርስ ነው?»

ሸውቂ ምራቁን ጢቅ አድርጎ ተፋ።

በሩ ጨርሶ ሲገጥም ፀሐይዋ ከተምር ዛፎቹ ጀርባ ወርዳ ነበር። ሸውቂ አህያውን እየኮረኮረ ወደ ማሳው ገሰገሰ። ነዕማት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ መጣች፤ ከኋላዋ የመጨረሻው ችግኝ ሳይቀር ውኃ ውስጥ ቆሟል። ጠዋት ይኸው ሰው በሩን ሲከፍትላት አንዴም እንዳላረፈ አይታለች።

«አባባ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አላህ ጉልበትዎን አይመልስልዎ።»

«አሚን፣» አለ ሽማግሌው። አሁን ወገቡን የያዘው የምሩን ነበር።