የቅዳሜዋ ተማሪ

ጠበቃው ጉልላት ቅዳሜ ቅዳሜ ትርሲት የምትባል የሕግ ተማሪ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ ለመውጫ ፈተና ያስጠናል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያምታቱት ቃላት ደግሞ ማለቂያ የላቸውም። ሚስቱ ምስር የምትለቅም መስላ ከአጠገባቸው ንቅንቅ አትልም። ያንገበገባት ትምህርቱ አልነበረም። ባሏ ለልጅቷ ብርቱካን እየላጠ ያቀርብላታል፤ ለእሷ ግን ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ቀን ልጦላት አያውቅም። ልጅቷ በሳቀች ቁጥር ደግሞ ፊቱ ይበራል።

«ጋሼ፣ ዲቮርስና አናልመንት አሁንም ይምታቱብኛል» አለች ትርሲት።

«ዲቮርስ የነበረ ትዳር ሲፈርስ ነው። አናልመንት ግን ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ሲቆጥረው ነው።»

«ምን ዓይነቱን ጋብቻ?»

«ለምሳሌ አንድ ሰው የመጀመሪያ ሚስቱን ሳይፈታ ሌላ ቢያገባ፣ የሁለተኛዋ ጋብቻ...» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ «እስኪ ውሃ አምጪልኝ» አላት።

ከሳሎኑ ሊያስወጣኝ ነው ብላ ደሟ ፈላ። ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ ልጅቷ ላይ አፈጠጠች።

«ለመሆኑ አንቺ፣ ቅዳሜን ሙሉ ከሰው ባል ጋር ተጎልተሽ ስትውዪ አባትሽ ምን ይላል?»

ትርሲት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«እሱኑ ይጠይቁት፣ እትዬ። አጠገብዎ ተቀምጧል» አለች ረጋ ብላ። «እናቴንም እስከ ዛሬ አልፈታትም።»