አብረው ቀበሩት

ቤዚ ከባጃጅ ወርዶ በመቃብሮቹ መሐል እየተደነቃቀፈ ሲመጣ፣ ማሒር የአባቱን መቃብር አፈር በመዳፉ እያስተካከለ ነበር። ቀባሪው ዱዓ አድርጎ በፈላና በር በኩል ወደ ጀጎል ተመልሷል። አካፋ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተው ነበር፤ እነሱም ቤዚን መንገድ ላይ አልፈውት ሄዱ። ማን እንደሆነ አላወቁትም።

«አለቀ?» አለ ቤዚ።

«አለቀ።»

ቤዚ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ የአባታቸው አፍንጫ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሟቹ ሐጂ ዐብዱልባሲጥ የማሒርን እናት ከማግባታቸው በፊት ብርቱካን ከምትባል ክርስቲያን ሴት የወለዱት ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሲቆጣ እናትና ልጅን ድሬዳዋ አድርሰው ብቻቸውን ተመለሱ።

«ጫት ከአወዳይ እስኪደርስ ትጠብቃላችሁ፤ ልጅ ግን አይጠበቅም» አለ ቤዚ። «በእኛ የሟች ልጅ ሳይደርስ አይቀበርም። ደውለህ ሞቱ ስትለኝ እንደምትጠብቁኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሱፍ ልብሴን አስተኩሼ ነው የመጣሁት።»

ማሒር ልብሱን አየ። የሱሪው ተኩስ ገና አልታጠፈም።

ጀናዛን ማፋጠን፣ ሟችን ቶሎ መቅበር፣ ሱና ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። ግን አጎቱ አው ዐብዱኑር ከመስጊዱ ደጃፍ ጠርተው፣ «ያኛው ልጅ መንገድ ላይ ነው አሉ፤ እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓቱ ሶላት እናቆይ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «አባቴን አናጉላላቸው» ያለው እሱ ነው። መልሱ ትክክል ነበር። እንዲያ ፈጥኖ ከአፉ የወጣው ግን ለሃይማኖት በመቆርቆር እንዳልነበረ፣ ያን ጊዜም አላጣውም።

«የእናንተን አላውቅም» አለ ቤዚ፣ ቀዝቀዝ ብሎ። «በእኛ መጽሐፍ አብርሃም አጋርን እንጀራና የውሃ አቁማዳ አሸክሞ በማለዳ ነው ያስወጣት። እናቴ እዚያ ላይ ስትደርስ ትስቅ ነበር። የእኔው ይሻላል፣ እስከ ድሬዳዋ ሸኝቶኛል ትላለች።»

ማሒር ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

«ከዚያ በኋላ አብርሃም ልጁን ሊያይ ሄደ የሚል የለም። ሲሞት ግን ይስሐቅና እስማኤል አብረው ቀበሩት ይላል። አንድ መስመር ናት። እኔ እሷን ይዤ ነው የኖርኩት።»

ይህን ማሒር ሰምቶ አያውቅም። «ለእኛ የተነገረን ሌላ ነው» አለ። «ነቢዩ ኢብራሂም ሃጀርን በረሃ ያስቀመጧት በአላህ ትእዛዝ ነው። በኋላም ኢስማኢልን ሊጠይቁ ይመለሳሉ። ሁለት ጊዜ ሄደው ቤት አላገኙትም። ለሚስቱ መልእክት እየተዉ ተመለሱ። አባታችን ይህን ሲያወሩልን እዚህ ላይ ሁልጊዜ ዝም ይሉ ነበር።»

ቤዚ ዓይኑን ወደ መቃብሩ አፈር መለሰ።

«መጥቶ ነበር» አለ።

«ማን?»

«አባትህ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል። በመስኮት አየሁት። ኮፊያውን አውልቆ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሚስቴን ፀሐይን፣ የለም በይው አልኳት። በእኛ መጽሐፍ አይመጣማ። ሲመጣ ምን እንደሚባል ከየት ልወቅ?»

«ምን ብለው ሄዱ?»

«ደህና ነው ወይ አላት። ደህና ነው አለችው። በቃ።»

ማሒር ስለ አው ዐብዱኑር ጥያቄ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ቤዚ ግን ቀድሞት ተንበርክኳል።

«ቤት ነበርኩ» አለ ቤዚ ለአፈሩ። «ያን ቀን ቤት ነበርኩ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የእናቱን አሟሟት፣ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ፣ በመስኮቱ በኩል ስንት ጊዜ መንገዱን እንዳየ፣ ሳያቋርጥ አወራ። ማሒር ላለመስማት አንድ እርምጃ ራቀ፤ ሲርቅ ነው ልብ ያለው። ሟች በቀኝ ጎኑ ተደርጎ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ይዞራል፤ ከዚህ ቂብላ በሰሜን ነው። ቤዚ የተንበረከከው በደቡቡ፣ ሐኪም ጋራን ከኋላው አድርጎ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያወራው ለአባታቸው ጀርባ ነበር።

መንገሩና አለመንገሩ እኩል ከበደው። በመጨረሻ ክንዱን ይዞ አስነሳው።

«በዚህ በኩል ና፣ ወንድሜ» አለው። «ፊታቸው ወደዚህ ነው።»

ቤዚ መቃብሩን ዞሮ መጥቶ ቆመ። የቆመበትን አፈር፣ የመጣበትን አቅጣጫ ተራ በተራ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። የነበረውን ቃል ሁሉ በዚያኛው በኩል ጨርሶታል።