ከዘፈኑ በፊት

መቅረጫውን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዛ የባንዱን የመጨረሻ ልምምድ ገለበጠች። ጊታር መቺው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ከዘፈን በፊት ያለውን ወሬ ቁረጪልኝ እያለ ሁልጊዜ የሚነዘንዛት እሱ ነው።

ፋይሉን ስትከፍተው መጀመሪያ የወንበር ኳኳታ፣ ቀጥሎ ሳል ተሰማ። ከዚያ ባለፈው ወር ያረፈው ወንድሟ፣ የባንዱ ሳክስፎን ነፊ፣ «ይሄ ጊታር ተቃኝቶ እስኪያልቅ ሸበትኩ እኮ» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ዘፈኑም ጀመረ። እጇ እንደለመደው ከሳሉ እስከ ሳቁ ያለውን መረጠ። ጣቷ ግን ማጥፊያው ላይ ሲደርስ አልታዘዝ አላት።

«ተይው ባክሽ» አለ ጊታር መቺው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «እስቲ ይተርበኝ።»

ፋይሉን እንዳለ አስቀመጠችው። ከዚያም ገመዱን ነቅላ መቅረጫውን ወደ ማኅደሩ መለሰችው።