ሞተሩ ተነስቷል

ተነስቶ እየሰራ ያለውን ሞተር አባዬ እንደገና ሊያስነሳ ቁልፉን ያዞራል። ብረት ከብረት ሲፋጭ ጋራዡን የሚሰነጥቅ ጩኸት ይወጣል። እጄን ከኮፋኖው ስር መንጭቄ አወጣለሁ።

«አባዬ! ተነስቷል እኮ አልኩህ!»

«አልተነሳም።»

«ተነስቷል!»

ደግሞ ያዞራል። ደግሞ ይጮኻል። ማስነሻው ሞተሪኖ ስንት ለምኜ ያገኘሁት ነው፤ በዚህ አያያዙ ጥርሱን ዛሬውኑ ያረግፈዋል። ደሜ ይፈላል።

ቀይዋ ባለ ሁለት በር መኪና የሱ ናት። በጎረምሳነቱ የተወዳደረባት፣ እናቴን ይዞ የዞረባት፣ እኔን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣባት። ሞተሯ ተሰንጥቆ ከቆመች ወዲህ የጋራዡ አሮጌ ጨርቅ መወርወሪያ ሆና ነበር። ከተገጨ መኪና ያወጣሁትን አዲስ ሞተር ልግጠምላት ስለው፣ «የሷ ልብ ወጥቶ የባዳ ልብ አይገባባትም» ብሎ ግግም አለ። በስንት ጭቅጭቅ እሺ ካለ በኋላም ሰላም አልሰጠኝም። የሞተሩን መደገፊያ ስበይድ ከኋላዬ ቆሞ ያጉረመርማል። ሽቦዎቹን ስቀጥል፣ «ይሄ ሞተር ነው ቴሌቪዥን?» ይላል። ማዕድ ላይ ሳይቀር እልህ ተጋብተን ሰነበትን። እኔ ከሱ የምፈልገው አንዲት ቃል ናት፤ ጎማ ለሚቀይርለት መንገደኛ እንኳ የማይሰስታት፣ ለኔ ግን አንድም ቀን ያልሰጠኝ፣ ጎበዝ የምትል።

ሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል። መኪናው ገና ከበር ሲገባ፣ ኮፋኖ ሳይከፈት፣ በሽታውን የሚናገር ሰው ነው። እኔንም ያስተማረኝ እንደዚያው ነው፤ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስይዞኝ። ቡሎን ከመንካትሽ በፊት አዳምጪ ይለኝ ነበር።

እጁ እንደገና ወደ ቁልፉ ሲሄድ እጄን በመስኮቱ አስገብቼ አንጓውን እይዘዋለሁ።

«ልትሰብረው ነው እንዴ? ምን በድዬህ ነው? ካልፈለግከው አልፈልግም በለኝና ልገንጥለው!»

«አትጩሂብኝ! ሞተር ሲነሳ የማላውቅ መሰለሽ? ቢነሳ አልሰማውም?»

እጁን እንደያዝኩ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አዘነብላለሁ።

ሞተሩ እየሰራ ነው። በእርግጥ ዝምተኛ ነው፤ አይንቀጠቀጥም፣ የዳሽቦርዱን ጠቋሚዎችም ገና አላገናኘኋቸውም። ጭስ መውጫው ላይ ድምፅ የሚያፍን ትልቅ ማርሚታ ያሰርኩትም እኔው ነኝ፤ ያምርልኝ ብዬ። ቢሆንም እዚህ ቆሜ እሰማዋለሁ። ማንም ይሰማዋል።

ያኔ ሁሉም ባንዴ ይመጣብኛል። ደንበኛ ሲያናግረው ወደኔ የሚዞረው። ስጠራው ዝም ሲለኝ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ብዬ የተቃጠልኩት። ያቺ ካቻቢቴ ከእጁ ከጠፋች መክረሟ። ማዘን ይገባኝ ነበር መሰለኝ። አላዝንም፤ ጭራሽ ይብስብኛል። ከደንበኛ ይደብቅ፣ ከሰፈሩ ይደብቅ። ከኔ? አብሬው ስውል፣ አብሬው ስበላ፣ ከኔ?

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» እለዋለሁ፣ ሳልጮህ።

ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነው። «ምን?» ይላል።

አልደግምለትም። ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ የቡሎን መፍቻ አንስቼ መኪናዋ ስር ካለው ጉድጓድ እወርዳለሁ። የማርሚታውን ማሰሪያ መፍታት እጀምራለሁ። ጋለ ብሏል፤ ጓንቴን አልፎ ይለበልበኛል። ይለብልበኝ። አንዱ ቡሎን እምቢ ሲለኝ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ እሰድበዋለሁ፣ ቡሎኑን ይሁን አባቴን እኔም አልለየሁትም።

ከመኪናዋ ወርዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቆማል፤ ጫማዎቹ ይታዩኛል። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ደህናውን ነገር ለምን ትፈቻለሽ?»

ማርሚታው ተላቆ ጉድጓዱ ወለል ላይ ይወድቃል። ፊቴ ጥላሸት እንደለበሰ እወጣለሁ፣ እሱ በተነሳበት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ቁልፉን አዞራለሁ።

መኪናዋ ታገሳለች። የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል፣ የስንት ዘመን አቧራ ይዘንብብናል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩጫ ይመጣል። «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይላል ጆሮዬ ስር ደርሶ፣ «እዚህ ሰው ይሰራል እኮ! ጋሽ ጆሮ፣ ይቺን ልጅ አንድ ይበሏት እንጂ!»

«ጆሮህን ድፈን!» እላለሁ። እጁን አወናጭፎ ይመለሳል።

ጋሽ ጆሮ ዞር ብሎም አላየው። ኮፋኖውን ዘግቶ መዳፉን አስቀምጦበታል። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ዘንበል አድርጓል፣ ድሮ ካቻቢቴዋን ይዞ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። እንደዚያ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ዓይኑን ይገልጥና በመስታወቱ እያየኝ አንድ ነገር ይላል። አጭር ነገር ነው።

«ምን አልክ?» እጮኻለሁ።

ይደግመዋል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አንዲት ፊደል አትደርሰኝም። ይስደበኝ ያመስግነኝ እንጃ። ቁልፉ እጄ ስር ነው፤ ባጠፋው እሰማዋለሁ።

አላጠፋውም። መዳፉ ኮፋኖው ላይ ነው። ነዳጁን እረግጥለታለሁ።