አማካዩ

የዳታ ሳይንስ ተማሪዎቹ ግድግዳው ላይ የሚሄደውን ሰማያዊ መስመር አፋቸውን ከፍተው ያዩ ነበር። የአንዲት ተመራቂ ጓደኛቸው የመመረቂያ ሥራ ነው፤ እቤት የተኛው አባቷ እጅ ላይ ያሰረችው ሰዓት የልብ ምቱን በኢንተርኔት እስከ መማሪያ ክፍሉ ድረስ ይልካል። መስመሩ ሰባ ሁለት ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። "አባትሽ ምን ዓይነት የረጉ ሰው ናቸው!" አሉ መምህሩ፤ ተማሪው ሳቀ። እሷም ልትስቅ ብላ መስመሩን ዳግም አየችው።

ልቡን ካመመው ወዲህ የአባቷ ምት ረግቶ አያውቅም፤ ይቸኩላል፣ ይደናቀፋል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ መስመሩ እንዳይበጣጠስባት፣ ከሰዓቱ ቁጥር ሳይመጣ ሲቀር ፕሮግራሙ በራሱ የቀድሞውን አማካይ እንዲሞላ ያዘዘችው እሷ ነበረች። አንደኛ ዓመት የተማሩት ነገር ነው።

ፕሮግራሙን ከፍታ ትእዛዙን አጠፋችው። መስመሩ ወደኋላ እየተሰበሰበ ሄዶ ሄዶ፣ ጠዋት አባቷን ስማ ከቤት የወጣችበት ሰዓት አካባቢ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ባዶ ነበር።

"አይዞሽ፣ ሰዓቱን አውልቀውት ይሆናል" አሉ መምህሩ ነገሩ ሲገባቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጠዋት ከቤት ልትወጣ ስትል የሰዓቱን ማሰሪያ ስታጠብቅለት አባቷ የቀለደው ግን ጆሮዋ ውስጥ አቃጨለባት፦ "አንቺ ያሰርሽውን ደግሞ ማን ደፍሮ ይፈታዋል!"