ያረፉት ሴሎች

«ያጠፋሁትማ እኔ ነኝ» አሉ ቤተ ሙከራውን የሚያጸዱት ሴትዮ፣ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብለው። «ጠዋት ስገባ ማሽኑ ብቻውን ይንገጫገጫል። ልጄ ረስታው ሄደች ብዬ ነው።»

ተመራማሪዋ አልረሳችውም ነበር። ማሽኑ በስስ ላስቲክ ላይ የተዘሩትን የሳንባ ሴሎች ለሦስት ቀን ያለ ፋታ ሲስብና ሲለቅ የከረመው በእሷው ትእዛዝ ነው፤ ሲወጠሩ ምን ያህል እንደሚጠነክሩ ልትለካ። አሁን አራት ሰዓት ሙሉ አርፈዋል። የመመረቂያ ጽሑፏን ዓርብ ታስረክባለች፤ የቀሯትም ሴሎች እነዚሁ ብቻ ናቸው። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ተበላሹ እንዴ? ልድፋቸው?» አሉ ሴትዮዋ ደንግጠው።

«ንክች እንዳያደርጉ፣ እትዬ! እለካቸዋለሁ።»

ጓንቷን አጠለቀችና ከፀጉር የቀጠነውን መርፌ በማይክሮስኮፑ ሥር ወደ አንዱ ሴል ዝቅ አደረገች። መርፌው ሴሉን ሳተው። ክርኗን ከጠረጴዛው ጋር አጣብቃ፣ ትንፋሿን ውጣ እንደገና ሞከረች። መርፌው ሴሉን ነካ፤ ሴሉ ግን እንደጠበቀችው አልሰረጎደላትም። ሌላውን ለካች፤ ከዚያም ሌላውን። ሃያኛው ላይ ስትደርስ ቀና አለች። መሳቡ ሲቆም ይለሰልሳሉ ብላ ነበር የጻፈችው፤ እነሱ ግን ከትናንቱ ጥንካሬያቸው ንቅንቅ አላሉም።

«እትዬ፣ አርፈውም አልላሉም! እርስዎ ባያጠፉት ኖሮ መቼም አላውቀውም ነበር።»

ሴትዮዋ ወለሉን መወልወል ጀመሩ። «እንግዲያው ስትጽፊው፣ አስበውበት ነው ያጠፉት በይልኝ።»